ብርሃን የማታሳልፈዋ ጀልባ

«ሚስ ቬርና»ን ለማየት የሄድኩ ቀን ለቁርስ አልተቀመጥኩም። እናቴ የጠበሰችልኝን ዓሣ ዳቦ ውስጥ ሸጉጬ፣ ዳቦውን ኪሴ ከትቼ፣ ጫማዬን በእጄ አንጠልጥዬ በባህሩ ዳር ወደ መንደራችን ሰሜናዊ ጫፍ ገሰገስኩ። መሮጥ አልፈለግኩም፤ የሚሮጥ ገዢ ዋጋ ያስጨምራል። እግሬ ግን አልሰማኝም።

«ሚስ ቬርና» ጀልባ ናት። አንድ ምሰሶና ሁለት ሸራ ያላት፣ አሥራ ስምንት ጫማ የምትረዝም፣ እዚሁ ደሴታችን ካሪያኩ ላይ፣ እዚሁ አሸዋ ላይ የተሠራች። የሠሯት ሚስተር ኤግበርት ናቸው። ስሙን ያወጡላት በሚስታቸው ነው፤ ስለዚህ በመንደራችን ሁለት ቬርና አለ፣ አንዷ ሸራ ያላት፣ አንዷ ምላስ ያላት። ሚስተር ኤግበርት ከሞቱ ሁለት ዓመት አልፏል። ጀልባዋ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከቤታቸው ፊት ለፊት፣ ከባህር ወይኑ ዛፍ ሥር፣ በእንጨት ተደግፋ ቆማለች።

ዘጠኝ ዓመቴ እያለ የነሐሴውን የጀልባ እሽቅድምድም ስታሸንፍ አይቻታለሁ። ሌሎቹ ጀልባዎች ውሃውን ሲያርሱ እሷ በላዩ ላይ ስታልፍ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በትምህርት ቤት ደብተሮቼ ጠርዝ ላይ የሣልኳት እሷን ነው። የጂኦግራፊ መምህራችን አንድ ቀን ደብተሬን ገልጠው «ይህ የትኛው ወንዝ ነው?» ሲሉኝ «የሚስ ቬርና ሸራ ነው» ብዬ ክፍሉን አስቄ አውቃለሁ። አሁን ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሂልስቦሮ ከተማ የሕንጻ መሣሪያ መደብር ውስጥ ምስማር፣ ገመድና ቀለም እሸጣለሁ። ሰዎች ሲያወሩኝ ከትከሻቸው በላይ ባህሩን አያለሁ ብለው ያሙኛል። እውነታቸውን ነው።

በዚያ ሳምንት ሁለት ነገር ሰማሁ። የሚስተር ኤግበርት ሚስት ታንቲ ቬርና ጀልባዋን ሊሸጡ ነው። ከትልቁ ደሴት አንድ ሰው ቅዳሜ በአምስት ሰዓቱ መርከብ ሊያያት ይመጣል። እሽቅድምድሙ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ቅዳሜው ይኸው ደርሷል፤ አሥራ ሦስት ዓመት የተመኘኋት ጀልባ በሁለት ሰዓት ውስጥ ወይ የኔ ትሆናለች ወይ ትሄዳለች።

ጀልባዋን እንዲመረምሩልኝ የለመንኳቸው ሚስተር ፊትዝሮይ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። የመንደራችን ጀልባ ወታፊ ናቸው፤ ስልሳ ዓመት ሙሉ በሳንቃና በሳንቃ መካከል ጥጥ ሲወትፉ ኖረዋል። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። አንድ ዓይናቸው አያይም፣ ሌላው ግን የሁለት ይሠራል።

«ዘገየህ» አሉኝ።

«ሚስተር ፊትዝ፣ ሦስት ሰዓት እኮ አልሞላም!»

«ጀልባ የሚገዛ ከፀሐይ ቀድሞ ነው የሚነሳው። የሚያረፍደው ሙሽራ ነው፤ እሱ ሐሳቡን መቀየሪያ ጊዜ ያስፈልገዋል።» ከኪሳቸው ቁራጭ ጠመኔ አውጥተው ሰጡኝ። «ደንቡን ታውቃለህ።»

አውቃለሁ። በእኛ መንደር አሸዋ ላይ የቆመች ጀልባ አጠገብ ሆኖ ጉድለቷን በአፍ መናገር አይቻልም። ጥሩ ከሆነ ክብ ትሥላለህ፣ መጥፎ ከሆነ መስቀል። የግድ መናገር ካለብህ ሠላሳ እርምጃ ርቀህ ነው። የብስ ላይ የተሰደበች ጀልባ ውሃ ላይ ትበቀላለች ይባላል። አምናለሁ ወይም አላምንም አልልም፤ ብቻ ሞክሮ ያየ ሰው አላጋጠመኝም።

ታንቲ ቬርና የባላቸውን ባርኔጣ ደፍተው፣ የካካዎ ሻይ በትልቅ ጣሳ ይዘው ከበረንዳ ወረዱ። ታንቲ አክስት ማለት ነው፤ አክስቴ አይደሉም፣ ግን ለመንደሩ ሁሉ ታንቲ ናቸው።

«ፊትዝሮይ! ደግሞ እኔን በመዶሻ ልትደበድበኝ መጣህ?»

«ስምሽን ነው እንጂ አንቺንማ ማን ይደፍርሻል፣ ቬርና?»

«ኤግበርት ይደፍር ነበር።»

«ለዚህ ነዋ ቀድሞን የሄደው።»

ታንቲ ቬርና ሻያቸውን ሊደፉባቸው አነሱና ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ ጀልባዋን እያየሁ ነበር። አዲስ ቀለም ተቀብታለች፤ ነጭ ሆኖ ትንሽ አረንጓዴ የነካው፣ የኮኮናት ሥጋ የመሰለ ቀለም። አፍንጫዋ ወደ ባህሩ ዞሯል። 

ምርመራው በሩቁ ተጀመረ። ሚስተር ፊትዝ ከኋላዋ ሃያ እርምጃ ርቀው፣ ጎንበስ ብለው፣ ጀርባዋ ጎብጦ እንደሆነ አዩ። በድጋፍ ብዙ የቆመች ጀልባ እንደ አሮጊት በቅሎ ወገቧ ይሰምጣል። የእሷ መስመር ግን ከአፍንጫዋ እስከ ኋላዋ አንድ ወጥ ነበር።

«ክብ» አሉኝ። ትልቅ ክብ ሣልኩ።

ከዚያ በእንጨት መዶሻ ሳንቃ በሳንቃ እያንኳኳን ሄድን። ጤነኛ እንጨት ሲመታ ድምፁ ወደ ሰው ይመለሳል፣ የበሰበሰ ግን ድምፁን ይውጠዋል። የእሷ ወፍራም ነበር፣ ከቀለሙ ብዛት ትንሽ የታፈነ። ሚስተር ፊትዝ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ፤ ክብም መስቀልም አላሉኝም። ወደ ምሰሶው ሄድን፤ ቤቱ ጣራ ሥር ተንጠልጥሏል። ቁመቱን ተከትሎ የተሰነጠቀ ነው፤ ያ ግድ የለም፣ በአግድም ቢሆን ነበር የሚያስፈራው። ክብ። መሪው የሚሰቀልበት ብረት በዝገት ተበልቷል፤ መስቀል። ትልቁን ሸራ ስንዘረጋው አንዲት አይጥ ከነልጆቿ ወጥታ ሸሸች፤ መስቀል።

«እሱ መስቀል ምንድነው?» አሉ ታንቲ ቬርና።

«ጌጥ ነው» አሉ ሚስተር ፊትዝ።

«ለሬሳ ሣጥን ነው መስቀል ጌጥ የሚሆነው! ንገረኝ፣ ስሜ ያለበት ነገር ላይ ነው የምትሞነጫጭረው።»

«ሸራ ላይ ነው እንጂ አንቺ ላይ አይደለም። አይጥ ከአንቺ ጋር አይኖርም።»

ሸራ ይጠገናል፣ ብረት ከመደብራችን አገኛለሁ። በአእምሮዬ እየጠገንኳት፣ ሸራዋን እየሰቀልኩ፣ ከወደቡ እያወጣኋት ነበር። የቀረው ዋናው ነገር ነው፤ ብርሃኑ። ጀልባዋ ውስጥ ገብቼ ወለሉ ላይ በደረቴ ተኛሁ፤ ሚስተር ፊትዝ ከላይ ወፍራም ላስቲክ አለበሱኝ። በጨለማው ውስጥ በሳንቃዎቹ መጋጠሚያ የሚገባ ብርሃን ፈለግኩ። ከአፍንጫዋ ጀምሬ እየተሳብኩ እስከ ኋላዋ ሄድኩ። በግራ ምንም። በቀኝ ምንም። አንድ ክር የምታህል ብርሃን የለችም።

ላስቲኩን ገፍቼ ወጣሁ። ላብ ዓይኔን እየቆጠቆጠኝ «እንደ እንስራ ናት!» ብዬ ጮህኩ። «ሚስተር ፊትዝ፣ አንዲት የመርፌ ቀዳዳ የለባትም! ዛሬ ውሃ ላይ ብናወርዳት ዛሬ ትሄዳለች!»

ታንቲ ቬርና ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። ሚስተር ፊትዝ ግን አልሳቁም። እጃቸውን ዘርግተው ጠመኔውን ከጣቴ ወሰዱና ኪሳቸው ከተቱት።

«ቬርና፣ ከውሃ ከወጣች ስንት ጊዜዋ ነው?»

«ሁለት ዓመት ከአራት ወር።»

«በዚህ ፀሐይ?»

«ሌላ ፀሐይ አለን እንዴ?»

«እና ብርሃን አታስገባም» አሉ፣ እንደ ጥያቄ ሳይሆን እንደ ሐዘን።

ያኔ ገባኝ።  እኔ፣ ባህር ዳር ተወልጄ ያደግኩት ሰው፣ ከከተማ እንደመጣ እንግዳ ተደስቻለሁ! የእንጨት ጀልባ ከውሃ ስትወጣ ትደርቃለች፤ ሳንቃዎቿ ይኮማተራሉ፣ በመካከላቸው ብርሃን ይገባል። ሁለት ዓመት የደረቀች ጀልባ ውስጥ ገብተህ ሰማዩን በሃያ ቦታ ማየት አለብህ። ውሃ ላይ ስትመለስ ጠጥታ ታብጣለች፣ ክፍተቱን ራሷ ትዘጋዋለች። ደርቃ ሳለች ብርሃን የማታሳልፍ ከሆነ አንድ ሰው አንድ ነገር ወትፎባታል።

«አልስተን ነው!» አሉ ታንቲ ቬርና በኩራት። «የልጄ ባል። በግንቦት መጥቶ ሦስት ቀን በጉልበቱ ተንበርክኮ ቀዳዳዋን ሁሉ በሲሚንቶ ደፈነልኝ። ከዚያ ውስጧንም ውጪዋንም ቀባልኝ። ገዢ ሲያያት እንዳይሸሽ ብለን።»

ቀለሙን አወቅኩት። እኔ ነኝ የደባለቅኩት። ሲሚንቶውንም ተሸክሜ መኪናው ላይ ያወጣሁለት እኔ ነኝ። «ለግድግዳ ነው?» ስለው «እንደዚያ በለው» ብሎኝ ነበር።

ሚስተር ፊትዝ ክንዴን ይዘው ሠላሳ እርምጃ ወሰዱኝ፤ እየቆጠሩ። አንድ የኮኮናት ዛፍ ሥር ስንደርስ በሹክሹክታ ተናገሩ።

«ውሃ ውስጥ ስትገባ ሳንቃው ያብጣል። ሲሚንቶ አይጨመቅም። ቦታ ሲያጣ የጎድን እንጨቶቿን ይገፋል፣ ምስማሩን ይነቅላል። በሳምንቱ እንደበሰለ ፓፓያ ትፈነዳለች።»

«ሲሚንቶውን ብናወጣውስ?»

«እሱማ የሦስት ቀን ሥራ ነው። እኔ የምፈራው ከሥሩ ያለውን ነው። ሁለት ዓመት ዝናብ ወርዶባታል። ከሲሚንቶው ሥር እንጨት ይኑር አፈር ይኑር ማን ያውቃል? ድምፁን ደግሞ ቀለሙ አፍኖብኛል።»

«አንድ ቦታ ከፍተን ብናይ?»

«እሱን ለባለቤቷ ንገር። እኔ ከቬርና ጋር ጥርሴን ይዤ መሞት ነው የምፈልገው።»

ታንቲ ቬርናን ከጀልባዋ ማራቅ በራሱ ሥራ ነበር።

«ታንቲ፣ እስቲ ወደዚህ ፈቀቅ ይበሉልኝ።»

«እዚሁ ንገረኝ። እኔና ጀልባዬ የምንደባበቀው የለም።»

«ታንቲ፣ በእርስዎ ይሁንብኝ፣ ሠላሳ እርምጃ ብቻ።»

ሲገባቸው ፊታቸው ተለወጠ። ኮኮናቱ ጋ ደርሰው ሁሉንም ነገርኳቸው። ከዚያ ጣሳቸውን አሸዋው ላይ አስቀመጡ።

«አልስተን ሦስት ቀን ወገቡ ተቆርጦ ነው የሠራው።»

«አውቃለሁ፣ ታንቲ።»

«አሁን አንተ በብረት ትቧጭራታለህ፣ የምታየው አይጥምህም፣ እጅህን አራግፈህ ትሄዳለህ። የተቧጨረ ጀልባ ማን ይገዛኛል? አይሆንም! እንዳለች ግዛት ወይም እንዳለች ተዋት።»

የመርከቡ ጥሩምባ ከሂልስቦሮ በኩል ተሰማ። አምስት ሰዓት ሆነ ማለት ነው።

ሰውየው በታክሲ መጣ። ሚስተር ጋስፓር ይባላል፤ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ክብ ፊት፣ የተወለወለ ጫማ። ከመኪናው እንደወረደ ጫማው አሸዋ ሞላ፤ ሳቅ ብሎ አወለቀው። በዚህ ልጠላው አልቻልኩም። ጀልባዋን በመዳፉ ደባበሳት፣ ጎንበስ ብሎ ከሥር አያት፣ ሜትር አውጥቶ ወገቧን ለካ።

«ድንቅ ናት! አንድ ቀዳዳ እንኳን የላትም!»

ሚስተር ፊትዝ አሳላቸው።

«እዚህ ጋ ነው የምቆርጣት» አለ ሚስተር ጋስፓር፣ ጣቱን መሃሏ ላይ አድርጎ።

«ማንን ነው የምትቆርጠው?» አሉ ታንቲ ቬርና።

«ሚስ ቬርናን።»

«ሚስ ቬርና እኔ ነኝ።»

ሰውየው ተደናግጦ የጀልባዋን ስም አነበበ፣ እሳቸውን አየ፣ ከዚያ እስኪያለቅስ ሳቀ። «ይቅርታ እናቴ! እርስዎን ማን ይችላል? የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አድርጌ አትክልቱ መሃል አቆማታለሁ። ውስጧ መደርደሪያ ይሆናል፣ መጠጥ ይሸጥባታል። ስሟን አልነካም። እንግዳው ሁሉ ‹ሚስ ቬርና ጋ እንገናኝ› ይላል።»

ታንቲ ቬርና ሳያስቡት ፈገግ አሉ። ሰውየው የሚከፍለውንም ተናገረ፤ እኔ ካለኝ በአራት መቶ ዶላር ይበልጣል።

«ጀልባዋ ከእንግዲህ ውሃ አታይም?» አልኩት። 

«ወንድሜ፣ በየዓመቱ ቀለም እቀባታለሁ፣ ሃምሳ ዓመት ትቆማለች። አንተ ግን ገና በዓል ሳይደርስ ኮራል ድንጋይ ላይ ታላትማታለህ። ተሳሳትኩ?»

አልተሳሳተም፤ ሊሆን ይችላል። ሲሚንቶውም ለእሱ ጉድለት አይደለም፤ እንዲያውም ያጠነክርለታል። ታንቲ ቬርና ወደኔ ዞሩ።

«አንተ ዴርቪን፣ ለመሆኑ ጀልባ መንዳት ትችላለህ?»

መዋሸት አማረኝ። ግን ሚስተር ፊትዝ በአንድ ዓይናቸው ያዩኝ ነበር።

«ስድስት ዓመት በሰው ጀልባ ውሃ ስጨልፍ ነው የኖርኩት። መሪ የያዝኩት አራት ጊዜ ነው።»

«በአራተኛው ምን ሆንክ?»

«ሦስተኛ ወጣን።»

«ከስንት ጀልባ?»

«ከሦስት።»

ሁሉም ሳቁ፣ የታክሲው ሹፌር ሳይቀር። እኔም ሳቅኩ፤ ስስቅ ግን የሆነ ነገር ተፈታልኝና ያልጠየቁኝን ሁሉ መናገር ጀመርኩ። ስለ ደብተሮቼ፣ ስለዚያ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ነፋሱ ሲከብድ ሌሎቹ ሸራ ሲያጥፉ ሚስተር ኤግበርት እንዴት እንዳላጠፉ፣ በመጨረሻው ዙር አፍንጫዋ ከውሃው ወጥቶ ከሥሯ ሰማይ እንዴት እንደታየ። ለእናቴ እንኳን ነግሬያት አላውቅም። «ታንቲ፣ አንድ ቦታ ብቻ እንድከፍት ይፍቀዱልኝ። የሚፈልጉትን ቦታ። እንጨቱ ደህና ከሆነ እወስዳታለሁ፣ ቀለሙን ቦጭቄ ጥዬ አልሄድም።»



«ይሁን» አሉ ታንቲ ቬርና። «አንድ ቦታ ይከፈታል፤ ቦታውን እኔ ነኝ የምመርጠው። እንጨቱ ሕይወት ካለው ልጁ ይውሰዳት። ሞቶ ከሆነ አንተ ሰውዬ ቆርጠህ ጠጣባት፤ የሞተ ሰው ቢቆርጡት አያመውም። ተስማማችሁ?»

«ተስማምቻለሁ» አለ ሚስተር ጋስፓር፣ ባልዲው ላይ እየተቀመጠ። «ይሄማ ከመርከቡ ትኬት በላይ ያወጣል።»

ታንቲ ቬርና ጀልባዋን ዞሩ፣ ዞሩና ከባሰው ቦታ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ከታችኛው ግንድ ጋር የምትገናኘው የመጨረሻዋ ሳንቃ፣ ዝናብ በሚመታበት ጎን፣ ከዛፉ የሚንጠባጠበው ሁሉ በሚጠራቀምበት። ሚስተር ፊትዝ በአፍንጫቸው ተነፈሱ። እኔም ብመረምር የምጀምረው እዚያ ነበር፤ እዚያ ደህና ከሆነች ሁሉም ቦታ ደህና ናት።

ከሥሯ በጀርባዬ ተኛሁ። ሚስተር ፊትዝ በሰጡኝ ቆልማማ ብረት መቧጠጥ ጀመርኩ። መጀመሪያ ቀለሙ ተላጠ፣ ከዚያ ሲሚንቶው እንደ ጥርስ ቁራጭ እየወጣ ፊቴ ላይ ረገፈ። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ገለጥኩ፣ ተፋሁ፣ ቧጠጥኩ። አንድ ስንዝር ስከፍት ደረቅ ጥጥ ደረስኩ። ስቤ አወጣሁት።

«ሰንጢውን» አሉ ሚስተር ፊትዝ፣ እያቀበሉኝ።

ወጋሁ። ስለቱ እስከ እጀታው ገባ።  «ገባ» አልኩ። «ሁሉም ገባ።»

«አንተ ጅል፣ መጋጠሚያውን እኮ ነው የወጋኸው! እዚያማ ክፍት ነው። የሳንቃውን ጠርዝ ውጋ።»

ወደ ጎን አዙሬ ገፋሁ። ስለቱ ቆመ። በሁለት እጄ ገፋሁ። አልገባም፤ ተጣመመ እንጂ አልገባም። በጥፍሬ ስፍቀው ነጭ የሴዳር እንጨት ታየ፤ ትናንት የተቆረጠ የመሰለ።

«ቆሟል!» ብዬ ጮህኩ። «ሚስተር ፊትዝ፣ አጥንት ነው! አጥንት!»

«ቆይ፣ አትጩህ። ውጣ ከዚያ።»

ሽማግሌው ወገባቸውን ይዘው አሸዋው ላይ ጋደም አሉ። ጣታቸውን በምራቅ አርሰው የተከፈተው ውስጥ አስገቡ፣ አሹ፣ አውጥተው ላሱት።  ግንባራቸውን ቋጠሩ። እንደገና አስገብተው እንደገና ላሱት።

«ጨው» አሉ።

«ጨው መልካም ነው ክፉ?» አለ ሚስተር ጋስፓር። ከባልዲው ተነስቶ ነበር።

«የዝናብ ውሃ ጣፋጭ ነው፤ እንጨት የሚገድለው እሱ ነው። ጨው እንደ ዓሣው ሁሉ እንጨቱንም ያቆየዋል።» ሚስተር ፊትዝ ቀና ብለው ተቀመጡ። «ነገር ግን ሁለት ዓመት ዝናብ የጠጣች ጀልባ ጨው ጨው አትልም። አንድ ሰው ጨው ሲያበላት ነበር። ቬርና?»

ታንቲ ቬርና ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ማዞር ያዙ። እንዲህ አፍረው አይቻቸው አላውቅም።

«ኤግበርት ነው ያዘዘኝ» አሉ። «ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው። ‹በየሳምንቱ ጀልባዋ ውስጥ አንድ ባልዲ የባህር ውሃ ድፊ፣ እንዳትረሺ› አለኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፣ ትንፋሽ አልነበረውም። እኔ ለነፍሱ መሰለኝ። ለሙታን መሬቱን በሮም አረቄ እናረጥብ የለም? እሱ የባህር ሰው ስለሆነ ሮሙን ትቶ ባህሩን የፈለገ መሰለኝ። በየዓርቡ እየደፋሁ የሳምንቱን ወሬ ሁሉ እነግረው ነበር። አልስተን ቀለም ከቀባት ወዲህ ግን ቀለሙ እንዳይበላሽ ብዬ ተውኩት። ያሳዘንኩት እየመሰለኝ ሌሊት እንቅልፍ አጣለሁ።»

ሚስተር ፊትዝ አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ከዚያ ደረታቸውን ይዘው መሳቅ ጀመሩ። «ቬርና! አይ ቬርና! ኤግበርት ያሰበው ለነፍሱ መሰለሽ? ለሳንቃው ነው እኮ!»

«ምን?»

«እንጨቱ እንዳይበሰብስ ነው!»

ታንቲ ቬርና ፊታቸው ቀላ፣ ጠቆረ። «ሁለት ዓመት! ሁለት ዓመት ሙሉ የልቤን ስነግረው! ማን ማንን እንዳገባ፣ ጉልበቴ እንዴት እንዳደረ! ‹ናፍቀኸኛል› ሁሉ ብየዋለሁ! ለሳንቃ ነው?»

«ሳንቃውም ሰምቶሻል። ይኸው አልበሰበሰም።»

ታንቲ ቬርና መጀመሪያ ሚስተር ፊትዝን በባርኔጣው መቷቸው። ከዚያ እዚያው አሸዋ ላይ፣ ከጀልባዋ ጎን ተቀምጠው ሳቁ፤ ሳቃቸው መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ፣ ተመልሶ ሳቅ ሆነ። እኛ ሦስት ወንዶች የምናየው ጠፍቶን ባህሩን አየን።

«ዴርቪን» አሉ በመጨረሻ፣ ዓይናቸውን እያበሱ። «ውሰዳት። እሽቅድምድሙ ላይ ከሦስት ሦስተኛ ብትወጣ ግን በዚህ በር እንዳታልፍ።»

እጃቸውን ጨበጥኩ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ሚስተር ፊትዝ በኋላ «እሺ እናቴ» ብለህ ሦስት ጊዜ ደገምከው አሉኝ። ሚስተር ጋስፓርም ጨበጠኝ። መርከቡ እስኪመለስ ሦስት ሰዓት ስለቀረው ሸሚዙን አውልቆ፣ ብረት ተውሶ፣ ከእኛ ጋር ሲሚንቶ ሲቧጥጥ ዋለ። ሲሄድ ፀጉሩ ነጭ፣ ጥፍሩ የተሰበረ፣ እሱ ግን እንደ ልጅ ደስተኛ ነበር። «አሮጌ ጀልባ ሌላ ካለ ንገሩኝ፤ ግን የሞተ!» ብሎ ከታክሲው መስኮት ጮኸ።

ከመደብሩ ሦስት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ። ሰኞ ማታ የመጨረሻው ሲሚንቶ ወጣ፤ በማግስቱ ሚስተር ፊትዝ የተጎዳውን ጥጥ በአዲስ ተኩ፤ ጠበቅ አላደረጉትም፣ ለማበጫ ቦታ ተዉላት። ላስቲኩ ሥር ገብቼ ሳይ በየመጋጠሚያው ፀሐይ ይገባ ነበር። በቀኝ፣ በግራ፣ ከላይ፣ ከታች፤ ክንዴና ደረቴ በብርሃን መስመር ተዥጎረጎረ። እዚያ ውስጥ ተኝቼ ብቻዬን ሳቅኩ።

ረቡዕ ጠዋት መንደሩ ተጠራርቶ በግንድ ላይ እያንከባለልን ወገብ የሚደርስ ውሃ ውስጥ አወረድናት። ድንጋይ ጫንንባት። ውሃው በሃያ ቦታ እየፏፏ ገባ፤ «ሚስ ቬርና» ጠጣች፣ ጠጣች፣ ከዚያ ጠርዟ ብቻ እስኪቀር በጸጥታ ሰመጠች። እኔ ውስጧ ተቀመጥኩ፤ ውሃው ደረቴ ድረስ መጣ። ጀልባ የገዛ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ማስመጥ ነው።

ዓሣ አጥማጆቹ ሲያልፉ አንዱም አልማረኝም።

«ካፒቴን! ነፋሱ እንዴት ነው እዚያ?»

«ስንተኛ ወጣህ? ከአንድ አንደኛ?»

«ሳሙና እናምጣልህ?»

ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ተውናት። ዓርብ ከሥራ ስወጣ በሩጫ መጣሁ፤ አሁን የሚያስጨምርብኝ ዋጋ የለም። ድንጋዩን አውጥቼ በሁለት እጄ መጨለፍ ጀመርኩ። ስድስት ዓመት በሰው ጀልባ የጨለፍኩት ሁሉ ለዚህ ልምምድ ነበር። ውሃው ወደ ጉልበቴ ወረደ። ወደ ቁርጭምጭሚቴ ወረደ። በኋላዋ በኩል አንድ ቦታ ቀስ እያለ ይመለሳል፤ ጨለፍኩ፣ ተመለሰ፣ ጨለፍኩ፣ ቀነሰ። የመጨረሻውን በጨርቅ ጠረግኩት። ቆሜ እስከ መቶ ቆጠርኩ። ወለሉን በመዳፌ ነካሁት። እርጥብ ነው፤ ውሃ ግን የለም። እንደገና እስከ መቶ ቆጠርኩ፤ አሁንም የለም።

ከዚያ ማዕበል፣ ትንሽ፣ ከባህሩ በኩል መጣ። ጀልባዋ ከእግሬ ሥር ተነሳች። አሸዋውን ለቃ ወደ ቀኝ ዘንበል አለች፤ እኔ ወደ ግራ ዘለልኩ፤ እሷም ተስተካከለች፣ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዞረችና ጠበቀችኝ።

ከዳር ሚስተር ፊትዝሮይ በሁለት እጃቸው አፋቸውን ከበው ጮሁ። «አንተ! ምን ገትሮ አቆመህ? ጀልባዋ ዝግጁ ናት፣ ምሰሶውን አምጣ እንጂ!»